ለወንድም የማይነገር

ገብረየስ የእህቱን ገላ አይቶ አያውቅም ነበር። እንዴትስ ያያል? አፀደ ታላቁ ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው፣ ሱዳን ድረስ አስከትላው የተሰደደች፣ አሜሪካም ቀድማ ገብታ እሱን ያስመጣችው እሷ ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ካምፕ ውስጥ በአንድ ድንኳን ሲያድሩ እንኳ፣ ነጠላዋን ሳታስተካክል በፊቱ ቆማ አታውቅም። ስለዚህ የሆስፒታሉ ነርስ አፀደን ቀስ አድርጋ በጎኗ ካስተኛቻት በኋላ የለበሰችውን ከኋላ ገልጣ "ይህን ማየት አለብህ" ስትለው፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፊቱን ወደ መስኮቱ ማዞር ነው።

ነርሷ ታገሠችው፤ ከዚያ ደግማ ጠራችው። ሲዞር ከእህቱ ወገብ ዝቅ ብሎ፣ አጥንት ለቆዳ በሚቀርብበት ቦታ፣ ጡጫ የሚያስገባ ቁስል አየ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ መሀሉ እርጥብ ነው። ሽታው ያጠለቀውን ማስክ አልፎ መጣ።

እንዲህ ያለ ቁስል በአንድ ሌሊት አይወጣም አለችው ነርሷ። ሰው ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ሲውል፣ ሳይገላበጥ ሲያድር፣ የረጠበ ዳይፐር ሳይቀየርለት ሲቆይ የሚመጣ ነው። አሁን ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ከማን ጋር ነው የምትኖረው ብላ ጠየቀችው። ጥያቄው እሱን እንደ ተከሳሽ የሚያይ መሆኑ የገባው ቆይቶ ነው። አሲስትድ ሊቪንግ፣ አቅመ ደካሞች በሠራተኛ የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው አላት። ነርሷ ቁስሉን ፎቶ አንስታ አፀደን መልሳ ሸፈነቻት።

አፀደ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ሰንፏል። ዳውንታውን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት፣ የራሷን ሻሽ ማሰር አቃታት። እንግሊዝኛዋም አብሮ ጠፋ፤ የቀራት አማርኛው ብቻ ነው፣ እሱም ቃል በቃል እየተጎተተ የሚወጣ። ገብረየስ ከከተማው ዳር ኦቤትስ ባለ መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ከቀትር በኋላ ገብቶ ሌሊት ነው የሚወጣው። ከሚስቱ ከተለያየ ቆይቷል። ልጁ ቢታንያ አድጋ ፍራንክሊንተን ሰፈር አፓርትመንት ተከራይታለች። አፀደ ቤት ውስጥ ብቻዋን ደጋግማ ስትወድቅበት ሐኪሙም ሶሻል ወርከሯም ብቻዋን አትኑር ያሉትን ሰማና፣ ከፒከሪንግተን ቤቱ ብዙ የማይርቅ አሲስትድ ሊቪንግ አስገባት። ግቢው ያምራል፤ መግቢያው ላይ ፒያኖ አለ፣ ሠራተኞቹ ፈገግታ አይሰስቱም። ሐበሻው ግን አማው። እህቱን ጣላት መባሉን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ይጠይቃት ነበር። ሁልጊዜ ለባብሳ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ ዊልቼሯ ላይ ሆና ነው የምትጠብቀው። በንጽሕናዋ ደስ ይለው ነበር። በኋላ በኋላ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ መቀመጥ አመጣች፤ በደህናው እጇ መደገፊያውን ጨብጣ አንዱን ጎኗን ከፍ ታደርጋለች። ስትሮኩ ነው ብሎ አለፈው። አመመሽ ወይ ሲላት ደህና ነኝ ትለዋለች፤ ወዲያው ወሬውን ወደ እሱ ሥራና ወደ ቢታንያ ታዞረዋለች። አንድ ቀን ትኩሳቱ አንቀጥቅጦ እስኪጥላትና አምቡላንስ ተጠርቶላት ወደ ሆስፒታል መሄዷን በስልክ እስኪነግሩት ድረስ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ።

መድኃኒቱ ሲይዝላትና ዓይኗን ገልጣ ሰው መለየት ስትጀምር፣ ወንበሩን አስጠግቶ ጠየቃት።

"እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?"



"ምን ብዬ?" አለችው።

 ነገሩ ገባው። ሕመሟን የደበቀችው ስላልከፋ ሳይሆን፣ ያመማት ቦታ ለወንድም የሚነገር ስላልሆነ ነው።

የመኖሪያው ዳይሬክተር ሊዮን የሚባል፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ሲያዳምጥ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ነው። ገብረየስ ሲናደድ እንግሊዝኛው ሁሉ እንደሚጠፋው ስለሚያውቅ ቢታንያን ይዞ ሄደ። ቢታንያ የሆስፒታሉ ነርስ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችው። ሊዮን አየና ዓይኑን ሰበር አደረገ። በጣም ማዘኑን ተናገረ፤ የገዛ አያቱም እንዲህ ባለ ቤት እንደምትኖር ነገራቸው። ከዚያ ጉዳዩ ተጣርቶ ማለቁን፣ በምሽት ሺፍት ትሠራ የነበረችው ረዳት ግዴታዋን ሳትወጣ በመቅረቷ መባረሯን አስረዳቸው። ቢታንያ የቤቱ ነርስ የት ነበረች፣ ምሽት ላይ ስንት ሠራተኛ ነው ያላችሁ ብላ ስትጠይቀው ግን ፖሊሲያችን ፖሊሲያችን እያለ ዙሪያውን ይዞር ጀመር። ሲወጡ በሩ ድረስ ሸኛቸው።

መኪና ውስጥ ቢታንያ በእንግሊዝኛ እያጉተመተመች ተሳደበች። ገብረየስ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ቆየ። አንድ ሰው ተባርሯል፤ ምናልባት ይበቃ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣበት። እውነቱን ለመናገር ደክሞታል። እስከ ሌሊት ዕቃ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ አምሽቶ ቀን ሆስፒታል ወንበር ላይ የሚያንጎላጅ ሰው፣ ቂም መያዝ እንኳ ጉልበት ይጠይቀዋል።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ግርማቸው ቤቱ መጡ። ከሱዳን ጀምሮ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከቀደሙት ስደተኞች አንዱ ስለሆኑ ቤት ገዝተዋል፣ ምድር ቤቱን ለአዲስ መጪዎች ያከራያሉ። ስለ አፀደ ጤና ጠየቁ፣ ማርያም ትማራት አሉ፣ ሻዩ ፊት ለፊታቸው ቀዘቀዘ። የመጡበት ጉዳይ ሌላ መሆኑ ገብቶታልና ጠበቃቸው።

"የተባረረችው ልጅ እኔ ቤት ነው የምትኖረው" አሉ በመጨረሻ። "ሞሚና ትባላለች፣ የከሚሴ ልጅ ናት። በዲቪ ነው የመጣችው፤ ገና መቆሟ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ አልመጣላትም።"

ገብረየስ ይህን አልጠበቀም። አፀደ ስለ አንዲት የወሎ ልጅ አንስታለት ታውቃለች። በዚያ ቤት በአማርኛ የምታዋራት እሷ ብቻ ናት፤ ማታ ማታ ስትገባ ክፍሉ ሰው ሰው ይሸታል ብላው ነበር። ግን እሱ ጠዋት ይሄዳል፣ ልጅቱ ምሽት ትገባለች፤ ተያይተው አያውቁም።

"እኔ ሰው አባርሩ አላልኩም፣ ጋሼ።"

"አላልክም፤ ግን ተባረረች። አሁን ደግሞ አንተና ልጅህ ለመንግሥት ልታመለክቱ ነው ይባላል። ስሟ እዚያ ከገባ የሚቀጥራት አታገኝም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፣ ገብሬ። ይቅር በላት። እህትህም እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች።"

"አልዳነችም" አላቸው።

 ገብረየስ ልጅቱን ላነጋግራት ሲላቸው ደነገጡ፤ ሊጣላት መስሏቸው ነው። አልቆጣትም አላቸው። እርግጠኛ ግን አልነበረም።

የተገናኙት በጋሼ ግርማቸው ሳሎን ነው። ሞሚና ሂጃቧን እስከ ግንባሯ ያወረደች ቀጭን ሴት ናት። ገና ስትገባ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዞ አስቀረና ወንበር አሳያት። ሰላምታውን እንደ ነገሩ አድርጎ፣ ወዲያው ጠየቃት።

"አይተሽው ነበር?"

"አይቼዋለሁ ጋሼ።" አላለቀሰችም። "መጀመሪያ መቅላት ነበር፤ ከዚያ ተላጠ። ለሱፐርቫይዘሯ ስናገር ክሬም ቀቢላት አለችኝ። ለነርሷም ነገርኳት። እሷ ብዙ ቤት ስለምትዞር በሚቀጥለው ስመጣ አያለሁ አለች። መጣች፤ እትዬ ዊልቼር ላይ ነበሩ፣ ሳታነሳቸው ሄደች።"

"ለእኔስ?"

"ለቤተሰብ መናገር አይፈቀድልንም። ቤተሰብ የሚያናግረው ኦፊሱ ነው።" ጣቶቿን አፍተለተለች። "ደግሞ እትዬ አስምለውኛል። እንዲህ ሆኜ ወንድሜ እንዳያየኝ አሉኝ። በልጆቼ ነው ያስማሉኝ።"



"ሌላም አለ" አለች። ጋሼ ግርማቸው በቃሽ ለማለት እጃቸውን አነሱ፤ እሷ ግን ቀጠለች። "ማታ በዚያ በኩል ብቻዬን ነበርኩ። ሁለት ነበርን፣ አንዷ ስትለቅ ሰው አልተኩም። ጥግ ያለው ክፍል ሽማግሌ አሉ፣ ካላየኋቸው ይወድቃሉ። አንዲት ሴትዮ በር ከፍታ መንገድ ትወጣለች። እትዬ ደግሞ ዝምተኛ ናቸው፤ ደወል አይደውሉም። የማይጠራ ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ይሆናል። ሳልቀይራቸው፣ ሳላገላብጣቸው ሺፍቴ ያለቀበት ማታ አለ። አንድ ማታ ብቻ አይደለም። ዋሽቼ ልነግርዎት አልፈልግም።"

 ልጅቱን አያት። ለመስደብ አፉን ቢከፍት የሚወጣው ስድብ የሚያርፈው እሷ ላይ ብቻ መሆኑን አሰበ። ይቅር ብዬሻለሁ ለማለትም ከልቡ አልመጣለትም። 

"ያ ሰውዬ ሌላ ምንም እንዳንጠይቅ አንቺን ሰጠን" አለ። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።"

ወንበሩን ወደ ሞሚና አስጠጋ።

"የመንግሥት ኢንስፔክተር ብትመጣ፣ አሁን ለእኔ የነገርሽኝን ትነግሪያታለሽ?"

"የራሴንም ጭምር?"

"የራስሽንም። እሱን ከደበቅሽ ሌላውን ማን ያምንሻል?"

ላስብበት አለችው። ጋሼ ግርማቸው መኪናው ድረስ ሲሸኙት ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። የሰው ልጅ ይዘህ እሳት ውስጥ ልትገባ ነው አሉት። ገብረየስ ለመከራከር አልሞከረም፤ ምናልባት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

በማግሥቱ ነገሩን ለአፀደ አጫወታት። የሞሚናን መባረር ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እሷን አትንኳት" አለች።

"እሷን አይደለም የምከሰው።"

"ታዲያ ማንን ነው?"

"ባለቤቶቹን።"

"የት አሉ?"

 ቢታንያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ እንደደረሰችበት ቤቱ የአንድ ኩባንያ ነው፣ ኩባንያው የሌላ ኩባንያ ነው፣ የዚያ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ስቴት ነው። አፀደን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ እሷም አታያቸውም።

ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ቢታንያ ከሥራዋ በእረፍት ሰዓት ስልክ ትደውላለች፤ ሙዚቃ ያሰሟታል፤ ሰው ሲነሳ ሌላ ቁጥር ይሰጣታል። አንድ ጠበቃ ታሪኩን በትዕግሥት ሰምቶ፣ ሴትዮዋ በዕድሜ የገፋች ስለሆነችና ከሞት ስለተረፈች ፍርድ ቤት ብዙም የሚያስኬድ አይደለም አላቸው። ብትሞት ይሻል ነበር ማለትህ ነው ወይ ስትለው ቢታንያ፣ ጠበቃው በዚያ መንገድ አላልኩም አለ። በመጨረሻ አቤቱታው በስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ተመዘገበ፤ ኢንስፔክተር እንደምትመደብላቸውም ተነገራቸው። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

እስከዚያው አፀደን ወደ ቤቱ ወሰዳት። ሳሎኑን መኝታ ክፍል አደረገው፤ ሺፍቱን ወደ ንጋት አስቀየረና ሌሊት እየተነሳ ከቀትር በኋላ የሚመለስ ሆነ። ቀን ቀን የምሥራች የምትባል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት ጎረቤት ትውልላታለች። ነርስ አልፎ አልፎ እየመጣች ቁስሉን ታያለች፤ በሌሎቹ ቀናት ፋሻውን የምትቀይረው ቢታንያ ናት። ምሽት ላይ ከፍራንክሊንተን እየነዳች ስትመጣ ገብረየስ ወደ ወጥ ቤት ይወጣል። ማን እንዳዘዘው አይታወቅም፤ ቢታንያ ጓንቱን ስታጠልቅ እሱ ተነስቶ ይሄዳል።

ኢንስፔክተሯ ፀጉሯ አጭር፣ ሽበት የጣለባት፣ ጫማዋን ሳይነግሯት በር ላይ ያወለቀች ሴት ነበረች። አፀደን ራሷን ማነጋገር እንደምትፈልግ ተናገረችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አስተርጓሚ አስገባች። የወንድ ድምፅ ነው፤ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ እናቴ እያለ ሰላምታ ሰጠ።

ገብረየስ ጥግ ተቀምጦ ሰማ። አፀደ ደህና ነበርኩ አለች። ጥሩ ሰዎች ናቸው አለች። ምግቡም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስለ ቁስሉ ስትጠየቅ ትንሽ ነገር ነው አለች። ኢንስፔክተሯ ትጽፋለች። እሱ የዚያን ሁሉ ጊዜ ልፋት በዓይኑ ፊት ሲፈስ እያየ፣ እታለም ምን ነካሽ ብሎ ሊጮህባት ምንም አልቀረውም ነበር።

"እናቴ፣ የውስጥ ልብስዎን በየስንት ጊዜው ነበር የሚቀይሩልዎት?" ሲል ጠየቀ በስልኩ ያለው ሰው።

አፀደ በደህናው እጇ ነጠላዋን ጎትታ አፏን ሸፈነች። ገብረየስ ያኔ ገባው። ተነሳና ለኢንስፔክተሯ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ነገራት፦ እህቴ ለወንድ ይህን አትናገርም፤ በስልክም ቢሆን ወንድ ወንድ ነው፤ ሴት አስተርጓሚ ፈልጊላት።

"እኔም እወጣለሁ" አላት ለአፀደ በአማርኛ። "አልሰማም። ጋራዥ ነኝ፣ በሩን እዘጋዋለሁ።"

አፀደ አላየችውም፤ ግን ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች።

ጋራዡ ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ብርዱ ከሲሚንቶው እየተነሳ እግሩን ያዘው። ከውስጥ ድምፅ አይሰማም፤ አንዳንዴ ብቻ የአፀደ ይሁን የአስተርጓሚዋ የማይለይ የሴት ድምፅ በግድግዳው ያልፍና ይቆማል። ቶሎ ያልቃል ብሎ ነበር፤ አላለቀም። ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሳያስበው አሸለበ፤ ኢንስፔክተሯ በሩን ከፍታ ስትጠራው ነው የነቃው።

አፀደ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ የሶፍት ጥቅልል ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ ኮቷን እየለበሰች፣ ሴት አስተርጓሚ መጠየቅህ ደግ አደረግህ አለችው፤ ሌላ አልነገረችውም። እሱም ምን እንደተባለ እህቱን አልጠየቃትም። እስከ ዛሬም አያውቅም።

ከቀናት በኋላ ሞሚና ስልክ ደወለችለት።

"ኢንስፔክተሯ ኮል አድርጋልኝ ነበር፣ ሁሉንም ነገርኳት።"

"የራስሽንም?"

"የራሴንም" አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። "ጋሼ ግርማቸው አኩርፈውኛል።"

"እኔንም" አላት።

በዚያ ክረምት በረዶው ከበደ። አንድ ቀን ከቀትር ጀምሮ ሲጥል ውሎ መንገዱ ተዘጋ፣ ቢታንያ መምጣት አልቻለችም። የምሥራችም ቀደም ብላ ሄዳለች። ገብረየስ ፋሻውንና መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ጓንቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ነገ ይሁን" አለች አፀደ።

"አንድም ቀን እንዳይዘለል ብላለች ነርሷ።"

"እንግዲያው መብራቱን አጥፋው።"

"በጨለማ እንዴት አያለሁ?"

"እሺ፤ ያንን ትልቁን አጥፋና ትንሹን ተወው።"

እንዳለችው አደረገ። በጎኗ አስተኛት፤ ነርሷ ሆስፒታል ውስጥ ስታደርገው እንዳየው ከፊቷ ትራስ አስደገፈ። ፋሻውን ከዳሩ ጀምሮ ቀስ እያለ አነሳ። ቁስሉ ጠብቧል፤ መሀሉ ቀልቶ ሥጋ መስሏል። ያጸዳበት ጊዜ ሁሉ ትንፋሿን ይዛ ድምፅ አላሰማችም።

"ልጅ ሆነህ ሳጥብህ ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮህ ነበር" አለች ወደ ግድግዳው።

"አንቺ ነሽ መጮህ የነበረብሽ።"

ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ትሳቅ ታልቅስ ከኋላ ሆኖ አልለየም። ፋሻውን አስተካክሎ ለጥፎ ሸፈናት፤ ከዚያ ወጥ ቤት ሄዶ እጁን ታጠበ።

ውሳኔው የመጣው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው። ቢታንያ እያነበበች ተረጎመችላቸው። አቤቱታው እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ምሽት ላይ በቂ ሠራተኛ አልነበረም፤ ቁስሉ እየተነገራቸው ለሐኪም አላሳወቁም፤ ያለባቸውን ክትትል አላደረጉም። ሞሚናም የበኩሏ ጥፋት ተነግሮባታል፤ ነገር ግን ደጋግማ ማሳወቋ ታይቶላታል፤ ከሙያው አልታገደችም። ኩባንያው ቅጣት ተጥሎበታል፤ ጉድለቱን እንዲያርምና ሰው እንዲጨምር ታዝዟል። ቤቱ አልተዘጋም። ሊዮን እዚያ የለም፤ ቢታንያ ስታጣራ ያው ኩባንያ ወደ ሌላ ቤቱ አዛውሮታል። ይቅርታ ብሎ የደወለ ሰው የለም።

"አሸንፈናል እኮ፣ ዳዲ" አለች ቢታንያ።

አሸንፈናል አላት። ቃሉ አፉ ውስጥ ክብደት አልነበረውም፤ ሐሰትም አልነበረም።

ሞሚና ኦቤትስ እሱ የሚሠራበት መጋዘን በማሸጊያ ክፍል ተቀጥራለች፤ ለአለቃው ስሟን የሰጠው እሱ ነው። የሰው ዳይፐር የማልቀይርበት፣ ማንም የማይወድቅብኝ ሥራ ይሻለኛል ብላለች። እረፍት ላይ ሲገናኙ ስለ እትዬ ትጠይቀዋለች፣ እሱም ስለ ልጆቿ ይጠይቃታል። አንዳንድ ቀን ገና ሲያያት ያ የሆስፒታል ክፍል ትዝ ይለውና ልቡ ይቆረፍዳል። ሰላምታውን ግን አያስቀርም፤ ከዚያ በላይ ይቅርታ ገና አላገኘም። ጋሼ ግርማቸውም ቀስ በቀስ ኩርፊያቸውን ረስተው ለትንሣኤ ደውለዋል።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት ግን አፀደ ስለ ቅጣቱም ስለ ሊዮንም አልጠየቀችም።

"አሁን ማታ ስንት ሆኑ?" ነው ያለችው።

አላውቅም አላት። ሰው እንዲጨምሩ ታዝዘዋል ብሎ ደገመላት፤ መታዘዝና መጨመር አንድ ነው ወይ አለችው። በግድግዳው ማዶ ሲወድቁ ትሰማቸው የነበሩት እኚያ ሽማግሌ አሁንም እዚያ ናቸው ወይ አለች። በየቀኑ ጠየቀችው። በመጨረሻ ከሥራ እረፍት ባለው ቀን፣ እዚያ የቀረውን ልብሷን ላመጣ ብሎ አመሻሽ ላይ ሄደ።

አዲሷ ዳይሬክተር ወጣት ናት፤ ስሙን ስትሰማ ፊቷ ላይ ጥንቃቄ መጣ። ልብሱን በካርቶን አድርጋ ሰጠችው። ካርቶኑን አቅፎ፣ መውጫው በሌላ በኩል መሆኑን እያወቀ፣ በእህቱ ክፍል በኩል ዞሮ አለፈ። አልጋዋ ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። በኮሪደሩ አንዲት ሠራተኛ አንሶላ የጫነ ጋሪ ትገፋለች፤ ሁለተኛዋ ጥግ ካለው ክፍል በር ላይ አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዛ እያስቀመጠች ነበር። ሽማግሌው ገብረየስን ሲያዩ እጃቸውን አነሱ፤ ማን እንደመሰላቸው አያውቅም፤ እሱም አነሳላቸው።

ቤት ሲገባ አፀደ አልተኛችም።

"ሁለት ናቸው" አላት።

"በዓይንህ አየህ?"

"በዓይኔ አየሁ። ሽማግሌውም አሉ።"



"እስከ መቼ ነው ሁለት የሚሆኑት?"

"እሱን አላውቅም፣ እታለም።"

ራሷን ነቀነቀች። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያወጣ ሲሰቅል በዓይኗ ተከተለችው፤ አንዱ የእሷ አለመሆኑን ነገረችው፣ ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ገብረየስ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነበረበት።